ጭስና አየር፦ ከሰማይ የተለካው ብናኝ በምድር ቋንቋዎች የተጠራበት ታሪክ

ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት፣ በኤርትራ ደቡባዊ ክፍል፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ብዙም በማይርቀው የአፋር ምድር፣ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተጻፈ ነገር ያልነበረ ተራራ ፈነዳ። በመጀመሪያ የተሰራጩት ዘገባዎች የፈነዳው ዱቢ ነው አሉ። ዱቢ በ1861 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ከመቶ በላይ ሰው እንደ ፈጀ በጽሑፍ የታወቀ ተራራ ነው። በመዝገብ ስሙ የሰፈረው ተራራ፣ ስሙ ላልሰፈረው ጎረቤቱ ሥራ ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው። ስሕተቱ የታረመው ከሳተላይት በተገኙ ምስሎች ነበር፤ እሳቱ የወጣው ከናብሮ ነው። በዚያን ጊዜ በተራራው ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ አልነበረም፤ መሣሪያዎቹ የተተከሉት ከፍንዳታው በኋላ ነው። አመዱ የአየር ጉዞን አወከ፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም ጉብኝታቸውን አሳጥረው ተመለሱ። ከተራራው የወጣው የሰልፈር ጋዝ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን፣ በላይኛው የሰማይ ንብር የተወው ብናኝ ከ1991ዱ የፒናቱቦ ፍንዳታ ወዲህ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ተባለ። ጋዙ ወደዚያ ከፍታ የወጣው በራሱ ኃይል ነው ወይስ የእስያ ክረምት ነፋስ አንሥቶት ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ለዓመታት ተከራክረዋል።

በክርክሩ ውስጥ ያልተነሣው ጉዳይ ቀላል ነው። ከተራራው ግርጌ የሚኖሩት የአፋር አርብቶ አደሮች የትኛው ተራራ እንደ ፈነዳ ለመለየት ሳተላይት አያሻቸውም ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ወደ መዝገቡ የሚወስደው የቋንቋ መንገድ ግን አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን መንገድ ነው፦ አየርን ከሕዋ የመለካት ታሪክ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ልኬቱም በአካባቢያችን ቋንቋዎች በተለይም በአማርኛ ሲነገር ምን እንደሚያጎድል። ክርክሬን አስቀድሜ ልናገር። ሳተላይቷ የማታየው ነገርና «የአየር ብክለት» የተባለው ስያሜያችን የማይነካው ነገር አንድና ያው ነው፤ እርሱም የማድቤት ጭስ ነው።

የሳተላይቱ ታሪክ ራሱ በአመዛኙ የስሕተትና የትርፍራፊ ታሪክ ነው። በጥቅምት 1978 እ.ኤ.አ. ኒምበስ 7 በተባለችው ሳተላይት ላይ የመጠቀው ቶምስ የተሠራው ኦዞንን ለመለካት ብቻ ነበር። በ1982 በሜክሲኮ ኤል ቺቾን ሲፈነዳ መሣሪያው በእሳተ ገሞራው ደመና ላይ ሊኖር የማይችል የኦዞን ብዛት አሳየ። ነገሩን የመረመሩት አርሊን ክሩገር ኦዞን መስሎ የታየው የሰልፈር ጋዝ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ እሳተ ገሞራዎች የሚተፉትን ጋዝ ከሰማይ መለካት ተቻለ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ፣ በዚያው መሣሪያ ስሌት ውስጥ «ቅሪት» እየተባለ ሲገለል የኖረው ቁጥር ጭስንና የበረሃ አቧራን እንደሚያመለክት ታወቀ። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ እንግዳ አይደለም። የአንዱ ዘመን ሰዋስው «ዝርው» ብሎ የተወውን የሚቀጥለው ትውልድ ሥርዓት ያገኝለታል።

በታኅሣሥ 1999 እ.ኤ.አ. ቴራ የተባለችው ሳተላይት ሞዲስንና ሚዘርን ይዛ ስትመጥቅ ዘመኑ ተለወጠ። ሞዲስ ምድርን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቃኛል፤ በአየር ውስጥ ያለው ብናኝ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድም ያሰላል። የመጀመሪያው ስሌት ግን የተመሠረተው ከሥር ያለው ምድር ጠቆር ያለ እንደ ሆነ፣ ደን ወይም ባሕር እንደ ሆነ፣ በማሰብ ነው። እንደ አፋር፣ እንደ ኦጋዴን፣ እንደ ሰሜን ሱዳን ያለው ነጣ ያለ ምድር ሲመጣ ስሌቱ ባዶ ይቀር ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት ምድረ በዳ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ እንደሚጠቁር በመገንዘብ ሌላ ስሌት እስኪዘጋጅ ድረስ ዓመታት አለፉ። አቧራ የሚበዛባቸው አገሮች በአቧራ ካርታው ላይ ነጭ ሆነው መቆየታቸው ነው የሚገርመው። በኋላ በ2004 ኦሚ፣ በ2017 ደግሞ ትሮፖሚ መጡ፤ የኋለኛው ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚያክሉ ቁራሾች ለይቶ ያያል፤ የአንድን ከተማ የመኪና ጭስ ከጎረቤቱ ገጠር ለይቶ ለማሳየት በቂ ነው።

ከሳተላይት በፊት አየርን ያነብብ የነበረው የሰው ዓይን ነው። በየአውሮፕላን ማረፊያው ያለ ታዛቢ ምን ያህል ርቀት እንደሚታየው ይጽፋል፤ ርቀቱ ሲያጥርም ምክንያቱን በሁለት ፊደል ያመለክታል። እነዚህ ፊደላት ለእኛ ሙያ ትንሽ ቤተ መዘክር ናቸው። ጭስ «ኤፍ ዩ» ተብሎ ይጻፋል፤ ፉሜ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ስስ ጉም «ቢ አር» ነው፤ ብሩም ከሚለው ሌላ የፈረንሳይኛ ቃል። አቧራና ደረቅ ጭጋግ ግን ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ፊደላት አሏቸው። የቦሌው ታዛቢ በአማርኛ ጭስ፣ ጉም፣ ጭጋግ፣ አቧራ ብሎ የሚለየውን በየዕለቱ ግማሹን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹን ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ኖሯል ማለት ነው። እነዚሁ መዝገቦች በኋላ ውድ ሆነው ተገኙ። በብሪታንያ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ1974 እስከ 2018 የተመዘገበውን የዕይታ ርቀት መርምረው፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ የአየር ብናኝ በአዲስ አበባ በ62 በመቶ፣ በካምፓላ በ162 በመቶ፣ በናይሮቢ በ182 በመቶ እንደ ጨመረ ገመቱ። የሳተላይቱ መዝገብ ወደ ኋላ በማይደርስበት ዘመን የቀረን ምስክር የታዛቢው ዓይን ነው።

ቃል ሁልጊዜ ወደ እኛ ብቻ አይወርድም። ካርቱምን በሐምሌና በነሐሴ የሚያለብሰው ግዙፍ የአቧራ ግድግዳ በሱዳን ዓረብኛ «ሀቡብ» ይባላል። ሳተን የተባለ ተመራማሪ በ1925 በእንግሊዝ የሜትዎሮሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ በዚሁ ስም ጽሑፍ አወጣ፤ ዛሬ በአሪዞና በረሃ የሚነሣውን አቧራ አሜሪካውያን ሳይቀሩ ሀቡብ ይሉታል። የአካባቢያችን አንድ ቃል በዓለም የአየር ሳይንስ መዝገበ ቃላት ገብቶ የቀረው አንድ ሰው በቦታው ሆኖ ስሙን ከነነገሩ በመመዝገቡ ነው። ናብሮ ያጣው ይህን ነበር።

አሁን ከሰማይ ወደ ሳንባ እንውረድ። ሳተላይቷ የምታየው ከራሷ እስከ ምድር ያለውን የአየር ዐምድ በሙሉ ነው፤ ሰው የሚተነፍሰው ግን የታችኛውን ሁለት ሜትር ነው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ በካናዳ የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2010 የሞዲስንና የሚዘርን ልኬት ከኮምፒዩተር የአየር ሞዴል ጋር አጣምረው፣ ፒኤም 2.5 የተባለውን ደቃቅ ብናኝ ለመላው ዓለም የሚገምት ካርታ ሠሩ። መለኪያ ጣቢያ የሌላቸው አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አገኙ፤ እንዲህ ያለው ግምት በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ስሌት ውስጥ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ ልኩን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ዝቅ ሲያደርግ፣ አብዛኛው የአፍሪካ ቀንድ ከልኩ በላይ መሆኑን ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን የግምቱን ሰዓት ልብ ይበሉ። ኦሚም ትሮፖሚም፣ አኳ በተባለችው ሳተላይት ላይ ያለው ሁለተኛው ሞዲስም፣ በየአገሩ እንዲያልፉ የታቀዱት ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። በዚያ ሰዓት የጠዋቱ ምድጃ ጠፍቷል፤ የማታው ገና አልተለኰሰም። ፀሐይ ምድርን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ ስለሚነሣ ብናኙም በስፋት ይበተናል። ምሽት ላይ በሸለቆና በከተማ ላይ የሚተኛው ጭስ፣ የደመራ ማታ ጭስም ቢሆን፣ በተነሣበት ሰዓት አይታይም። በክረምት ደግሞ ደመናው ደጋውን ለሳምንታት ይሸፍነዋል፤ ብናኝን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ በደመና ውስጥ አያይም። ጣሪያ ሥር ያለውማ ጨርሶ አይታይም። ይህን ክፍተት ሊሞሉ ይችሉ ከነበሩት የምድር ጣቢያዎች በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ ያሠራጨው ልኬት አንዱ ነበር፤ ስርጭቱ ከመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። እንዲህ በሆነ ቁጥር በሳተላይቱ ግምት ላይ ያለን ጥገኝነት ይበረታል።

የመሣሪያው ዕውርነት በዚህ ያበቃል፤ የቃሉ ዕውርነት ከዚህ ይጀምራል። «አየር» ከግሪክ ተነሥቶ በግዕዝ በኩል የደረሰን ቃል ነው። በአማርኛ ተራ ንግግር ግን አየር የአገር ጠባይ ነው። «አየሩ አልተስማማኝም»፣ «አየር ልለውጥ ሄድኩ»፣ «የቆላ አየር» እንላለን። አየር ከቦታ ጋር የተሳሰረ፣ የደጋ ወይም የቆላ ባሕርይ እንጂ ሰው የሚሠራው ነገር አልነበረም። ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ የሚይዘውን ንዳድ የአገሩ አየር ያመጣበት በሽታ አድርጎ ማየቱ ከዚህ ይመነጫል፤ ጣልያኖችም «ክፉ አየር» ብለው በሽታውን ማላሪያ ማለታቸው ሐሳቡ የእኛ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። «ብክለት» ደግሞ ንጹሕ የነበረ ነገር ከውጭ በመጣ ነገር መርከሱን ያመለክታል። ሁለቱ ሲጣመሩ «የአየር ብክለት» የሚለው ሐረግ በሰሚው አእምሮ የሚሥለው ሥዕል የአንድ አገር ወይም የአንድ ከተማ ሰማይ በፋብሪካና በመኪና መቆሸሹን ነው። ሳተላይቷ የምትሥለውም ይህንኑ ሥዕል ነው።

ጭስ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በግዕዝ ጢስ ነው፤ አማርኛ በሚያዘወትረው ምላሳዊ ለውጥ ጠ ወደ ጨ ተሻግሮ ጭስ ሆነ፤ ጢስ የሚለውም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ጭስ የሰው መኖር ምልክት ነው። ከሩቅ ጭስ ሲታይ እዚያ ቤት አለ፤ ቤቱም አልፈረሰም ማለት ነው። በሌላው ርስት ላይ ጎጆ ቀልሶ ምድጃ ያነደደው ሰው «ጭሰኛ» መባሉ ከዚህ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ በሕግ የተሻረው ግንኙነት በአንድ የምድጃ ቃል የተሰየመ ነበር። ጭስ መልካም ሥራም አለው። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ወላድ በወይባ ትታጠናለች፤ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም፤ «ጭሳጭስ» የመድኃኒትና የመዓዛ ስም ነው። ዓባይ እንኳ ሲወድቅ የሚያነሣው የውኃ ብናኝ ጢስ ተብሏል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጭስ አየርን የሚበክል እንግዳ ሆኖ አይታይም። የቤት ሰው ነው።

ይህን ያስተዋልሁት በመጽሐፍ አይደለም። በአንድ የደጋ ከተማ ዳር፣ ለሌላ ጥናት ቃል እየሰበሰብሁ ሳለ፣ በማድቤት እንጀራ የሚጋግሩ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ዓይኔ እያነባ ጠየቅኋቸው፦ «እማማ፣ እዚህ ሰፈር የአየር ብክለት አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም ልጄ፤ ፋብሪካ እዚህ የት አለና!»

«ይኼ ጭስስ?»

«ጭሱማ ጭስ ነዋ፤ ዓይኔንም ያጠፋው እርሱ ነው፤ ደረቴንም እንዲህ የሚያፍነኝ እርሱ ነው። ምን ታደርገዋለህ?» ብለው ወደ ጣሪያው አመለከቱ። ከማገሩ ላይ እንደ ጥቁር ፈትል የተንጠለጠለ ጥቀርሻ ነበር።

እማማ ጉዳቱን ያውቃሉ፤ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የማያውቁት የጤና መልእክቱ ስለ እርሳቸው እንደሚናገር ነው። በራድዮ «የአየር ብክለት ለመተንፈሻ አካል ሕመም ያጋልጣል» የሚል ቢሰሙ ስለ ሩቅ ከተማ የተነገረ ዜና ይሆንባቸዋል። በኢትዮጵያ እጅግ አብዛኛው ቤተሰብ በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ያበስላል፤ ምድጃው አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቀመጡት ሴቶችና በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የስያሜው ክፍተት የሚያርፈው በእነርሱ ሳንባ ላይ ነው።

ጎረቤት ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ቅርጽ ይዘዋል። ኦሮምኛ አየርንም ነፋስንም «ቂሌንሳ» ይላል፤ የቤቱን ጭስ ግን «ኣራ» ብሎ ይለያል። ትግርኛ «ኣየር»ን ከ«ትኪ»፣ ሶማሊኛ ከዓረብኛ የወሰደውን «ሀዎ» ከ«ቂቅ» ይለያል። ኪስዋሂሊ «ሄዋ» እና «ሞሺ» ይላል። በአብዛኛው የአየሩ ቃል የተዋሰ ወይም ሰፊ ነው፤ የጭሱ ቃል ግን ከምድጃው አይርቅም። ዘመናዊው የጤና ቃል በሁሉም ዘንድ የተሠራው ከመጀመሪያው ነው። በየቋንቋው ዝርዝር ምርመራ የሚሻ ቢሆንም፣ አጋጣሚ ነው ብዬ አላስብም፤ ቃላቱ የተተረጐሙት ከፋብሪካ አገሮች ነው።

ከፋብሪካም ከምድጃም ያልሆነ አንድ ቃል ደግሞ በቅርቡ ፈተና ላይ ወድቋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ እርሱም እንደ ናብሮ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረውም። ደመናው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ሲደርስ ሳተላይቶች በየሰዓቱ ተከታተሉት፤ በሕንድ በረራዎች ተሰረዙ። በዚህ ጊዜ የተራራው ስም አልተሳሳተም። በአፍዴራ አካባቢ መንደሮች ላይ የወረደውን ግን ሁላችንም «አመድ» አልነው። የምድጃ አመድ በእኛ ዘንድ ዕቃ የሚፈተግበት፣ እህል ከነቀዝ የሚጠበቅበት ለስላሳ ነገር ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ የደቀቀ ድንጋይና መስተዋት ነው፤ ዓይንን ይፍቃል፣ ሳንባን ያቆስላል፣ የግጦሹን ሣር የበላ ከብት ጥርሱ ይፋቃል። «የድንጋይ ብናኝ» ወይም «የመስተዋት ትቢያ» ብንል ኖሮ ማንም ሰው አፍንጫውን ለመሸፈን ማብራሪያ ባላስፈለገው ነበር። «እሳተ ገሞራ» የሚለው የገሞራን ጥፋት የሚያስታውስ አስፈሪ ስም ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጣውን በማድቤት ቃል መጥራታችን ያሳዝነኛል።

ቀጣዩ ፈተና በመንገድ ላይ ነው። ናሳ በ2016 የመረጠው ማያ የተባለ መሣሪያ ዋና ዋና ዒላማ ካደረጋቸው ጥቂት የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። መሣሪያው ብናኙን በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በዓይነቱም ለይቶ፣ አቧራውን ለብቻ፣ ሰልፌቱን ለብቻ፣ ከቃጠሎ የሚወጣውን ጥቁሩን ካርቦን ለብቻ ቈጥሮ፣ ከበሽታ መዝገቦች ጋር ለማነጻጸር የታሰበ ነው። ልኬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ሲለየው ወደ ኖረው ልዩነት ሊቀርብ ነው። ውጤቱ ወደ ጤና ጣቢያ ማስታወቂያና ወደ ራድዮ ሲወርድ የሚጻፍበት ቃል ግን ገና አልተወሰነም። እስካሁን ባየኋቸው ረቂቆች «ብላክ ካርቦን» በቁሙ፣ ወይም «ጥቁር ካርቦን» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ ባዘጋጀሁት የቃላት ረቂቅ ላይ «ጥቀርሻ» ብዬ አስፍሬዋለሁ፤ ከጎኑ ያሉት የአፋርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሶማሊኛ ዐምዶች ባዶ ናቸው፤ የየቋንቋው ባልደረቦች በማድቤት ተቀምጠው የሰሙትን እንዲያስገቡባቸው ትቻቸዋለሁ።